መቶ ሜጋ ለሦስት ደቂቃ

በ2086 ዓ.ም. የሸንበቆ ውሃ ቀበሌ ሰው አንገቱን የሚደፋበት አንድ ነገር ቢኖር «ያልደረሰ» መባሉ ነበር። መንገድ ደርሶታል። መብራት ደርሶታል። ውሃም በሳምንት ሦስት ቀን ይደርሰዋል። ያልደረሰው ብሮድባንድ ነው። ኢንተርኔት የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ማለዳ ሰው ሳይነሳ ይፈጥናል፣ ረፋድ ላይ ይንቀራፈፋል፣ ሁሉም ሲገባበት ደግሞ ቀጥ ይላል። አዋጁ ግን ይህን ብሮድባንድ ብሎ አይጠራውም።

አዋጁ እንዲህ ይላል፦ «ብሮድባንድ ማለት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በሥራ ሰዓት በሚደረግ የአሥር ደቂቃ ልኬት ውስጥ፣ ለሦስት ተከታታይ ደቂቃ መቶ ሜጋና ከዚያ በላይ የሚሰጥ መስመር ነው።» ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ኮሚቴው አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ከአባላቱ አንዱ «የሚለካው ስንት ሰው እየተጠቀመበት ሳለ ነው?» ብሎ እንደጠየቀ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ጥያቄው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሰውየው ጡረታ ወጥቶ ነበር።

መቶ ያልሞላ ቀበሌ ያልደረሰ ነው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰው የሆነ ነርስ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰው የሆነ አስተማሪ፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ማኅተም የያዘ ጸሐፊ ይቀመጥለታል። መቶ የሞላ ቀበሌ የደረሰ ነው፤ ሁሉንም ነገር ከቤቱ ሳይወጣ በስክሪን ያገኛል። ከወንዙ ማዶ ያለው ድንጋይ በር ቀበሌ ባለፈው ዓመት ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ በሮች የሸንበቆ ውሃን ሰው ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር «እናንተ እስካሁን በሰው እጅ ነው የምትታከሙት?» ይሉታል። መድረሳቸው ምን እንዳመጣባቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። ያልደረሰ ሰው ፊት ማማረር ነውር ሆኖባቸዋል።

ወይዘሮ ብሌን ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ብሌን የሚባል አሮጊት አልነበረም፤ አሁን ቀበሌው በእትዬ ብሌንና በእትዬ ሄራን፣ በጋሽ ናሆምና በጋሽ ማቲያስ ተሞልቷል። የእድሩ ዳኛ ሆና ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። ስሟ የሚነሳውም በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አሥራ አራት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ሰው ለቅሶ በስክሪን መድረስ ጀምሮ ነበር፤ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ጥቁር ሻርፕ ጣል አድርጎ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይዘጋል። ብሌን ጉባኤ ጠርታ ተቆጣች። «ሬሳ በስክሪን አይሸኝም! እኔ ስሞት እንዲህ የምታደርጉኝ ከሆነ ከአሁኑ ንገሩኝ!» አለች። በዚያው ቀን ተጻፈ፦ የእድሩ ጡሩምባ በተሰማ ጊዜ ማንኛውም እድርተኛ የያዘውን ሥራ ትቶ፣ ስክሪኑን ዘግቶ፣ በእግሩ ይወጣል። የማይወጣ ይቀጣል። ከሁለትና ከሦስት ለቅሶ በኋላ ቅጣቱን የሚያስታውሰው አልነበረም፤ ጡሩምባ ሲነፋ እጅ በራሱ ሄዶ ስክሪን ይዘጋል።

እንግዲህ የመስመሩን ፍጥነት የሚለካ ለኪ ይመጣል የሚለው ማስታወቂያ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ለዚህ ቀበሌ ነው። ብሌን ቆማ አነበበችው። «የደረሰ ቀበሌ ነዋሪ የስፔሻሊስት ሐኪም አገልግሎት በቤቱ ያገኛል» ይላል በትልቁ። ከታች በትንንሽ ፊደል «በአካል የሚሰጡ አገልግሎቶች በሠላሳ ቀን ውስጥ ይጣጣማሉ» ይላል። እሷ የያዘችው የላይኛውን ነው። ባሏ ናሆም ሁለቱም ኩላሊቶቹ መሥራት ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሲስተር ኤልዳና ክንዱ ላይ መርፌ ትሰካለታለች፤ ደሙ በማሽኑ እየዞረ አራት ሰዓት ይታጠብለታል። ባለፈው ክረምት እግሩ ማበጥ ጀመረ። ኤልዳና ጎንበስ ብላ በጣቷ ተጭና ካየች በኋላ «እትዬ፣ የኔ እውቀት እስከዚህ ነው። ስፔሻሊስት ቢያየው ጥሩ ነበር» አለቻት። ብሌን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትመኘው ነገር ይኸው ብቻ ነበር።

ማስታወቂያውን አንብባ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች።

«ኤልዱ፣ ልንደርስ ነው! ስፔሻሊስቱ ቤታችን ድረስ ሊመጣ ነው» አለች።

ኤልዳና የናሆምን ክንድ በፕላስተር እያሸገች ነበር። ቀና አላለችም። «በስክሪን ነው የሚመጣው እትዬ። ይጣጣማሉ የሚለውን አንብበውታል? እኔ እሄዳለሁ ማለት ነው። ይሄ በር ይዘጋል።»

«ሐኪም እየሰጡ ነርስ አይከለክሉም።»

«መርፌውን ማን ይሰካል?»

ናሆም ተኝቶ ሁለቱንም በየተራ ያያል። «እኔ ለማንም ክንዴን አልሰጥም፣ ለኤልዱ ካልሆነ» አለ እየሳቀ። እሷ መርፌ ስትሰካ ስለ ወንድሟ በጎች ታወራዋለች፤ ወሬው ሳያልቅ መርፌው ገብቶ ይገኛል።

ብሌን መንገድ ላይ ስታስበው የኤልዳና ነገር ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ልጅቷ ለእንጀራዋ ነው የፈራችው። ማን ይፈርድባታል? ግን የአንድ ነርስ ሥራ እንዳይቀር ተብሎ ናሆም እግሩ አብጦ አይቀመጥም። ብሌን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ያሰበችው ባሏን ስለምትወድ ነው፤ ኋላም እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

በልኬቱ ዋዜማ እድርተኛውን ሰበሰበች። መስመሩ አንድ ነው፤ ከጋራው ወርዶ ለአራት መቶ ሰባ ቤት ይከፋፈላል። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ ልጅ ፊቱን ይታጠባል፣ ያለው ሁሉ ለእንግዳው ይቀርባል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው ነው አለቻቸው። «ነገ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ማቲያስ ጡሩምባውን ይነፋል። የሞተ ሰው የለም፤ እንዳትደነግጡ። ሁላችሁም ስክሪናችሁን ዝጉ። መስመሩን ለእንግዳችን እንልቀቅለት።» ሰው አጨበጨበ። ማጭበርበር ነው ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም። ማጭበርበርስ ለእንግዳ ትራፊ ማቅረብ ነው።

ለኪዋ ወይዘሮ ቅድስት የሚባሉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ቁጥብና ጨዋ ሴት ናቸው። መሣሪያቸውን ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ማቲያስ ነፋ። ቀበሌው ጸጥ አለ። መሣሪያው መቶ አሥራ ስምንት አለና እዚያው ቆመ። ወይዘሮ ቅድስት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ደጁ ላይ ቆሟል። ጡሩምባውንም ሰምተዋል፣ ጸጥታውንም አይተዋል፤ ሃያ ዓመት የለኩ ሴት ይህን አያጡትም። ነገር ግን ለኪ ከተለኪ ጋር ስለ ውጤት አይነጋገርም፤ ይህም ደንብ ነው። አሥር ደቂቃውን ጨርሰው፣ ጽፈው፣ ፈርመው፣ የቀረበላቸውን ዶሮ ወጥ በልተው፣ አመስግነው ሄዱ። ያን ቀን ሸንበቆ ውሃ ዘፈነ።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ኤልዳና እቃዋን ጫነች። አስተማሪው ከሷ ቀድሞ ሄዷል። ጸሐፊው ማኅተሙን በፖስታ አሽጎ ላከና እሱም ተከተለ። የእጥበት ማሽኑ «ለቤተሰብ ተላልፏል» ተብሎ በጋሪ ተጭኖ ብሌን ሳሎን ገባ። ኤልዳና መኪናው እየጠበቃት ሁለት ጊዜ መርፌ አሰካክ አሳየቻት፤ ሦስተኛውን ብሌን በራሷ ሞከረች።

«እያወሩት ነው የሚሰኩት እትዬ» አለቻት። «ስለ ሆነ ነገር ያውሩት።»

ብሌን ሰው እየወጋች የምታወራው ወሬ አጣች።

ስፔሻሊስቱ ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። መልከ መልካም፣ ትዕግሥተኛና ድምፁ የለሰለሰ ነው። ሰው ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። የናሆምን እግር አይቶ ወዲያውኑ መድኃኒት ቀየረ፤ እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ጎደለ። ይህን መካድ አይቻልም፤ ብሌን በዚያ ሳምንት ለደስታዋ ልክ አልነበረውም። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ መርፌው ክንዱ ውስጥ ግማሽ ገብቶ ሳለ፣ ሐኪሙ «አሁን በጣም ቀስ ብለው ወደ…» አለና አፉን እንደከፈተ ቀረ። ምስሉ ቀጥ አለ። ብሌን መርፌውን እንደያዘች አሥራ አንድ ደቂቃ ተቀመጠች። ላቧ ከግንባሯ በናሆም ክንድ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ወዴት ነው ያለው?» አላት ናሆም።

«እኔ እንጃ።»

«ስለ በጎቹ አውሪኝ በቃ።»

ሐኪሙ ሲመለስ ዓረፍተ ነገሩን ካቆመበት ቀጠለ፦ «…ግራ ያዙሩት።» ወደ ቀኝ አዙራው ነበር። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ጠቆረ።

በማግስቱ እድሩ ተሰበሰበ። ስለ ናሆም ሁለት ጊዜ ማስረዳት አላስፈለገም። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ጋሽ ማቲያስ ይነፋል፤ ቀበሌው ይዘጋል። ዘጋም። አራት መቶ ሰባ ቤት ለአንድ ሰው ኩላሊት ሲል በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ዝም አለ። ናሆም የመጀመሪያውን ቀን ጡሩምባውን አልጋው ላይ ሆኖ ሲሰማ «ሳልሞት የሚነፋልኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ሳቀ፤ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙም በእነዚያ ሰዓቶች ጥርት ብሎ ይታያል፣ አንድ ቃል አያስቀርም።

ብሌን ግን አቤቱታ መጻፏን አልተወችም። የምትጠይቀው ኤልዳና እንድትመለስ ነው። መስመሩ ሰው ሲገባበት እንደሚቆም፣ ለአራት መቶ ሰባ ቤት እንደማይበቃ ጻፈች። የመጀመሪያው መልስ በወሩ መጣ፦

«በመዝገባችን መሠረት የሸንበቆ ውሃ መስመር ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት በአማካይ መቶ አሥራ ስድስት ሜጋ ሰጥቷል። ቀበሌው በትርጉሙ መሠረት ብሮድባንድ አለው። አቤቱታው ተቀባይነት የለውም።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሰው ሁሉ ለናሆም ብሎ ዝም ያለባቸው ሰዓቶች ናቸው። ጎረቤቶቿ ባሏን ባቆዩላት ቁጥር ኤልዳናን እያራቁባት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለማን ትናገራለች? አትዝጉ ብትላቸው ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ይቀራል፤ ዝጉ ብትላቸው መዝገቡ መቶ አሥራ ስድስት ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዓረፍተ ነገር የጻፉትን ሰዎች ከልቧ ረገመቻቸው።

ጊዜው እየገፋ ሄደ፤ ሁለተኛው አቤቱታም ያንኑ መልስ አገኘ። በደረሰ ቀበሌ ልጅ የሚማረው በስክሪን ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት የማይማር ልጅ ይወድቃል። ጡረተኛ በሕይወት መኖሩን የሚያሳየው በስክሪን ነው። ከብት የሚመዘገበው፣ ዘር የሚታዘዘው፣ ክስ የሚሰማው በስክሪን ነው። ቀጠሮው ሁሉ ደግሞ በሥራ ሰዓት ነው። በአምስተኛው ወር ጡሩምባው ከተነፋ በኋላ አንድ ሁለት ቤት ሳይዘጋ ይቀር ጀመር። በሰባተኛው ወር አሥራ አምስት ቤት ሆነ። ማንም በክፋት አላደረገውም። አንዳንዱ መንገድ ላይ ብሌንን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ያ ከክፋትም ባሰባት።

አንድ ሰኞ ዕለት እትዬ ሄራን መጣች። የአጥር ጎረቤት ናት፤ ሠላሳ ዓመት እሳት ተጫጭረዋል። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመች።

«ብሌንዬ፣ የመሬቴ ክስ ዛሬ ነው። አራት ሰዓት ላይ። ካልቀረብኩ ይወሰንብኛል።»

ብሌን ወደ ናሆም አልጋ ዞራ አየች።

«አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» አለች ሄራን፤ ዕንባዋ መጥቷል።

ቅሪ ማለት እንዴት ይቻላል? መሬቷ ነው። ብሌን «ሂጂ» አለቻት፤ «ቶሎ ጨርሺ ብቻ።» ሄራን ቤቷ ገብታ ስክሪኗን ከፈተች። ሄራን መክፈቷን ያዩ ሌሎች ሃያ ቤቶችም ከፈቱ። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ካጠበ በኋላ ቀጥ አለ፤ ማሽኑ ከሐኪሙ ትእዛዝ ሲያጣ ራሱን ያቆማል። ያን ቀን ናሆም ከአራቱ ሰዓት አንዱን ብቻ ታጠበ። ሄራን መሬቷን አስከበረች።

ማታውን ሦስተኛው የአቤቱታ መልስ ደረሰ። ድጋሚ ልኬት ተፈቅዷል፤ ለኪ ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ «አቤቱታ አቅራቢዋ የጠቀሱት የሕክምና አገልግሎት በሚሰጥበት ሰዓት ይለካል። ቀጠሮ ይቀየርልኝ ማለት አቤቱታን እንደመተው ይቆጠራል።»

ብሌን ደብዳቤውን ለናሆም አነበበችለት። እግሩ እንደገና አብጧል፣ ትንፋሹ አጥሯል። ረቡዕ መታጠብ አለበት። ረቡዕ ሊታጠብ ደግሞ ቀበሌው መዝጋት አለበት። ቀበሌው ከዘጋ ለኪዋ መቶ አሥራ ስድስት ጽፈው ይሄዳሉ፤ አራተኛ አቤቱታ ደግሞ አዋጁ አይፈቅድም።

ስፔሻሊስቱን ጠየቁት። ሐኪሙ በትሕትና አዳመጠ። «ረቡዕን ማሳለፍ አልመክርም። ሆኖም ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍት ቦታ አለኝ» አለ። ስለ ልኬቱ ምንም አላለም።

«አንድ ቀን ነው» አለ ናሆም። «ሐሙስ እታጠባለሁ። ረቡዕ ይክፈቱት፣ ሁሉም ይክፈተው። ሰባት ወር ሙሉ ልጆቻቸውን በኔ ምክንያት አስተማሪ እየከለከሏቸው ነው። አፍሬያለሁ ብሌኔ።»

«አንተ ምን ያሳፍርሃል? እኔ ነኝ ያመጣሁብህ።»

«ኤልዱ ትመጣለች» አለ። «ክንዴን እሷ ትያዝልኝ። ያንቺ እጅ እንጨት ነው።» ብሌን ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

ረቡዕ ጠዋት ጡሩምባ የለም። ብሌን ማክሰኞውን ቤት ለቤት ዞራ ተናግራለች፦ ነገ ሁሉም ይክፈት፣ ያለውን ሁሉ ይክፈት፣ ስንት መሆናችንን ለኪዋ ይዩ። ጋሽ ማቲያስን ለብቻው «ዛሬ ጡሩምባህን እንዳትነካት» አለችው። እሱም ሚስማሩ ላይ ሰቀላት። ሠላሳ አንድ ዓመት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው፤ ስክሪን የሚባል ነገር ይጠላል፤ ያን ቀን ግን ከልጆቹ ሁለት ተበድሮ ሁለቱንም ከፈተ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ቀበሌው ውስጥ ያልተከፈተ ነገር አልነበረም። ልጁ ይማራል፣ ጡረተኛው በሕይወት መኖሩን ያሳያል፣ ሄራን ጉዳይ ሳይኖራት የማታውቀውን አገር የአየር ሁኔታ ታያለች።

ናሆም ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ላይ «ልቤ» አለ። ብሌን ስክሪኑን ከፈተችው። የሚሽከረከር ክብ ወጣ፤ ሐኪሙ ዛሬ ቀጠሮ የለውም፣ መስመሩም ሞልቷል። በሩጫ ወጥታ ሰዉን ዝጉ ልትል ከአልጋው ተነሳች። ናሆም እጇን ያዛት፤ አጥብቆ ነው የያዛት፤ በዚያ ድካም ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ አታውቅም። «ይለካ» አለ። ልቀቀኝ ብላ ታገለችው። ሲለቃት ሞቶ ነበር።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ይላል የግድግዳው ሰዓት።

ብሌን ጩኸቷ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ዘጠኝ ዓመት የእድር ዳኛ የሆነች ሴት አንድ ጩኸት ምን እንደሚያስነሳ ታውቃለች፤ ሄራን ትሰማለች፣ ሄራን ትጮኻለች፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ ቀበሌው ይዘጋል። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዓይኑን ከደነችለት፣ አገጩን በሻሽ አሰረችለት፣ እጁን አጣጠፈችለት። አራት ሰዓት እስኪሆን አሥራ ስምንት ደቂቃ፣ ከዚያ የልኬቱ አሥር ደቂቃ። ሃያ ስምንት ደቂቃ እቀመጣለሁ አለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አለቅሳለሁ። በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት ራሷን ጠልታ አታውቅም።

አራት ሰዓት ከሦስት ላይ ጋሽ ማቲያስ እያለከለከ ገባ። ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ስር ቆሞ አይቶ ነው የመጣው። «ሰባት!» አለ። «ሰባት ሜጋ! ፈቀቅ አላለም እኮ ናሆም፣ ኤልዱን አመጣንልህ…»

አየው። ከናሆም ጋር አንድ ወንዝ ዋኝተው፣ አንድ አስተማሪ ገርፏቸው ነው ያደጉት።

ብሌን ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «ጋሽ ማቲያስ፣ ሰባት ደቂቃ» አለች በሹክሹክታ። «በናሆም ሞት። ሰባት ደቂቃ ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነበር። በጓሮ በኩል ወጣ። ቤቱ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሬሳ አይቶ ሳይነፋ ያለፈበት ቀን አልነበረም። ጡሩምባዋን ከሚስማሩ መቼ እንዳወረዳት እንደማያውቅ በኋላ ሲምል ሲገዘት ነበር። ሰው ያመነውም፣ ያላመነውም አለ። ብሌን የሰማችው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፤ ረጅሙ፣ ሦስት ጊዜ የሚሰበረው፣ የሞት ንፊያ።

በአራት መቶ ሰባ ቤት ውስጥ እጅ ሁሉ ሄዶ ስክሪን ዘጋ። ልኬቱን ያስታወሰም ዘጋ። ለናሆም መሆኑን ያወቁት ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ዘጉ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሮጡ። ያ ሁሉ ወር ሲከፍቱበት የነበሩት አሥራ አምስቱም ቤቶች፣ ሄራንም፣ በዚያ ቀን አንድ የቀረ አልነበረም።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ቅድስት ብቻቸውን ናቸው። ሰባት የነበረው ሠላሳ አንድ አለ። ስድሳ ስምንት አለ። አራት ሰዓት ከስድስት ላይ መቶ ዘጠኝ፣ ከዚያ መቶ ሃያ አንድ። መቶ ሃያ አንድ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆየ። በመስኮት የሚሮጠውን ሰው አዩ። እርሳሱን ትንሽ ይዘው ቆዩ፤ ይህን እሳቸው ራሳቸው በኋላ ተናግረዋል። ቅጹ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት አንድ ሳጥን እንጂ ምክንያት የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ጻፉ፣ ፈረሙ። ከዚያ ከቦርሳቸው ነጠላ አውጥተው ወደ ለቅሶው ሄዱ፤ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠው አለቀሱ። እውነተኛ ለቅሶ ነበር።

ብሌን አጠገባቸው ስትደርስ ጠየቀቻቸው። «ስንት ሆነ?»

ለኪ ከተለኪ ጋር ስለ ውጤት አይነጋገርም። ወይዘሮ ቅድስት አቀፏት። «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። ብሌን ገባት። ያን ጊዜ ነው የያዘችውን ጩኸት የለቀቀችው፤ ማቲያስን ረገመችው፣ አንቀጽ አሥራ አራትን የጻፈውን የራሷን እጅ ረገመችው፣ በመጨረሻ ናሆምን ጥሎኝ ሄደ ብላ ረገመችው።

ዓርብ ሠልስቱ ነበር። ሰው ሁሉ በእድሩ ድንኳንና በብሌን ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል፤ ደንቡ እስከ ሠልስት ስለሆነ ቀበሌው ውስጥ የተከፈተ ስክሪን አልነበረም። የሞት ምዝገባ በስክሪን ብቻ ነው፤ የብሌን ቀጠሮ ለሰኞ ነው። ለመዝገቡ ናሆም ገና አልሞተም፤ ስለዚህ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሳሎኑ ስክሪን በራሱ በራ፤ በመጀመሪያ «የሸንበቆ ውሃ ቀበሌ የደረሰ መሆኑ በድጋሚ ተረጋግጧል፤ እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ስፔሻሊስቱ።

«እንደምን አደሩ አቶ ናሆም?» አለ። «ዛሬ ምስሉ በጣም ጥርት ብሎ ይታየኛል። ክንድዎን ወደ ብርሃኑ ይዘርጉልኝ።»

ሄራን ለመዝጋት ተነሳች፤ ብሌን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

«አይቸኩሉ፣ እጠብቃለሁ» አለ ሐኪሙ።

እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቀ። ምስሉ አንድም ጊዜ አልቆመም።